በማሽላ ጉድጓድ የከረሙት ሸክላዎች

ሰው ባለቀበት ዘመን ስለ ዘፈን ሸክላ ማውራት ነውር ነው የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ስለ ሞቱት የሚናገሩ ብዙ ናቸው፤ መናገርም አለባቸው። እኔ የምናገረው እጄ ላይ ስለተሰጠኝና እጄ ላይ ስለተበላሸው ነገር ነው። እሱን ሌላ ሰው አይናገርልኝም።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ መርሳ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ነበራቸው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፉ ሾፌሮች፣ ገበያተኞችና የወረዳው ሠራተኞች ይቀመጡበት ነበር። ሻዩ እንደማንኛውም ሻይ ነው። ሰው የሚመጣው ለሸክላው ነበር። አጎቴ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ጊታሩ የመንግሥት ስለሆነ እዚያው ቀረ። እሳቸው የራሳቸውን ሸክላዎች በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። ስልሳ ሦስት ናቸው። ግማሾቹ የእኛ አገር፣ ግማሾቹ የጥቁር አሜሪካኖች።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ሳቆም እናቴ እሳቸው ዘንድ እንድሠራ ላከችኝ። ዓይን አፋር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። እንግዳ አጠገብ ሄጄ ምን ልታዘዝ ማለት ያቅተኝ ነበር። ጠረጴዛው ጥግ ቆሜ ጨርቁን እጠመዝዛለሁ። ሰውየው ራሱ አዝኖልኝ ሻይ ነው እህቴ ካላለኝ በቀር እዚያው ቆሜ እውላለሁ። አጎቴ አንድ ሳምንት ካዩኝ በኋላ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብለው ሸክላዎቹ ወዳሉበት ጥግ ወሰዱኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽ ይኸ ነው፣ እነዚህን ምን ልታዘዝ አይሏቸውም አሉኝ።

ሸክላ በጠርዙ ብቻ እንደሚያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከመሃል ወደ ውጭ ሳይሆን እንደ ጭረቱ አቅጣጫ ዙሪያውን ይጠረጋል። ተጋድሞ አይከመርም፤ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ነው የሚቀመጠው። መርፌው ሲወርድ ትንፋሽ ይያዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፀሐይ ጠላቱ ነው። ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ መደርደሪያው ጋ ከመድረሷ በፊት መጋረጃውን መሳብ ሥራዬ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልረሳሁም።

የአሜሪካኖቹን ጽሑፍ ፊደሉን እለያለሁ እንጂ ቃሉ አይገባኝም። ስለዚህ ከሽፋኑ ሥዕልና ከድምፃቸው ስም አወጣሁላቸው።

ጩኸታሙ የምለው ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ሸሚዙ በላብ ደረቱ ላይ ተጣብቆ ፎቶ የተነሳው ነው። ዘፈኑ ብዙ ቃል የለውም። ያዛል። ከበሮውን ቁም ሲለው ይቆማል፤ ትራምፔቶቹን ኑ ሲላቸው ይመጣሉ፤ ከዚያ መሃል ላይ ራሱ አንዴ ይጮኻል፤ ብርጭቆ የያዘ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ከቆላ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በገበያ ቀን እሱን ሳይሰሙ አይሄዱም ነበር። አንድ ቀን ይህ ሰው ምን ደርሶበት ነው ሁልጊዜ የሚጮኸው ብለው አጎቴን ጠየቁ። አጎቴ ሚስቱ ጥላው ሄዳ ይሆናል አሏቸው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «እኛ አገር ቢሆን ይኸን ጊዜ ሽማግሌ ገብቶ ነበር» አሉ።

ተቆጪዋ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። ድምፅዋ የውሃ ወረፋዋን የቀሟት ሴት ድምፅ ነው። ጮኻ አትጀምርም። መጀመሪያ በእርጋታ ነገሩን ታስረዳለች፤ ከኋላዋ ያሉት ሦስት ሴቶች እውነቷን ነው እያሉ ይመሰክሩላታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያቆማትም። እኔ ሳልናገር ያሳለፍኩትን ሁሉ የምትናገርልኝ ይመስለኝ ነበር።

ባለ ካባዎቹ ደግሞ ዘጠኝ ናቸው። የሚያብረቀርቅ ካባ ለብሰው እንደ ሚዜ ተደርድረዋል፤ ጎፈሬያቸው ሽፋኑን ሞልቶታል። የእነሱ ቤዝ ከአፋር በኩል ወደ ገበያ እንደሚመጣ ግመል ይራመዳል። አይቸኩልም። መንገድ የሚለቀው ግን ሌላው ነው። አጎቴ ይህ ሸክላ ሲጫወት ከሰው ጋር እያወሩ እንኳ የግራ እጃቸው ጣቶች ጭናቸው ላይ ይሄዱ ነበር።

የእኛዎቹ ትናንሾቹ ናቸው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ። ዘፋኞቹ ጠባብ ሱፍ ለብሰው፣ ቀጭን ከረባት አስረው፣ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ወዲያ ያለ ሰው ያያሉ። ሳክስፎኑ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰው እየተንጠራራ ይገባል። አጎቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ፣ ከበሮውንና ትራምፔቱን ከአሜሪካኖቹ ሰማን፤ ትዝታና አምባሰል ግን ቤታችን ነበሩ፤ ሁለቱን አንድ ጎጆ አስገባናቸው፣ መጀመሪያ ተጣሉ፣ በኋላ ወለዱ ይሉ ነበር።

ጦርነቱ ወልድያ የደረሰው በክረምት ነው። ሰው በእግሩም በአይሱዙም በአህያም ወደ እኛ ወረደ፤ ከእኛም አልፎ ወደ ውርጌሳ፣ ወደ ደሴ ይሄድ ጀመር። አስፋልቱ ሰው ብቻ ሆነ። የአጎቴ ሚስት ስኳር አለባቸው፤ በየቀኑ የሚወጉት መድኃኒት ነበራቸው። ጤና ጣቢያው ባዶ ሲሆን አጎቴ መቆየት አልቻሉም። ደንበኛቸው የሆነ የአይሱዙ ሾፌር ለሁለት ሰው ቦታ ሰጣቸው። ለሳጥን ግን ቦታ አልነበረም። እናቴ ከብቶቿንና ማሳዋን ጥላ አልሄድም ስላለች እኔም የምቀር ነበርኩ። አጎቴ የሻይ ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝና ሳጥኑን በእጃቸው ነካ አደረጉት።

«እንዳታጋድሚያቸው፤ ፀሐይም እንዳያያቸው። ሌላውን አላህ ያውቃል። አደራ።»

እኛ ዘንድ አደራ ቀላል ቃል አይደለም። ሰው ደግሞ አይጠይቅበትም፤ የተቀበለውም ልቻል አልቻል አይልም። ሰርቆ የታሰረ ሰው ተፈትቶ ሲመጣ ሠርግ ይጠራል፤ አደራ የበላን ግን ማንም አይጠራውም። ራሴን ነቀነቅኩ፤ መኪናው ሄደ።

በማግስቱ እናቴ አህያ ይዛ መጣች። ቤታችን ከመርሳ በላይ ተራራው ሥር ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት ይወስዳል። ሳጥኑንና ማጫወቻውን ጫንን። ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮችና አምፕሊፋየሩ አህያዋ ላይ ስለማይሆኑ ሻይ ቤቱ ውስጥ ቀሩ፤ ከሳምንት በኋላ በሩ ተሰብሮ እንደተወሰዱ ሰማሁ። ማጫወቻውን በጋቢ ጠቅልለን ቆጥ ላይ ገለባ ውስጥ ሸሸግነው። ሸክላዎቹ የት ይሁኑ የሚለው ግን ከበደን።

በእነዚያ ቀናት አገሩ ሁሉ ይቆፍር ነበር። ድስት ይቀበራል፣ ሶላር ይቀበራል፣ የልጅ የትምህርት ማስረጃ ይቀበራል። ወልድያን የያዙት ታጣቂዎች ቤት ለቤት እንደሚፈትሹ፣ የቆርቆሮ ሳጥን ያዩ እንደሆነ ሳያስከፍቱ እንደማያልፉ ተነገረን። እኛ ጋ ደግሞ የማሽላ ጉድጓድ ነበረን። በረቱ ውስጥ ነው፤ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘጋል፣ በላዩ ጭቃ ይመረግበታል፣ በጭቃው ላይ ፍግ ይነሰነሳል፤ ከብቶቹም እላዩ ላይ ያድራሉ። የማያውቅ ሰው እላዩ ላይ ቆሞ አያገኘውም። ሸክላዎቹን ከሳጥኑ አውጥቼ በላስቲክ፣ ከዚያ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቀለልኳቸው። እህሉ ላይ አቆምኳቸው፤ አላጋደምኳቸውም። ጨለማ ነው፤ ፀሐይ አያያቸውም። ድንጋዩን መልሰን መረግን። የታዘዝኩትን ሁሉ አደረግኩ ብዬ ያን ቀን ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሁሉም ያውቃቸዋል፤ አልዘረዝራቸውም። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ነዳጅ የለም። ወፍጮ ቤቱ ስለቆመ ሴቶች ወደ ድንጋይ ተመለስን። በሰፈሩ የድንጋይ ወፍጮ ያልጣለ ቤት የእኛ ብቻ ስለነበር ጎረቤቶች እህላቸውን ይዘው እኛ ጋ ይመጣሉ። በየተራ እንፈጫለን።

አንድ ጠዋት መጁን ወደፊት ስገፋና ወደኋላ ስስብ እጄ አንድ ነገር ያዘ። የባለ ካባዎቹ ቤዝ ነበር። ሳላስበው በአፍንጫዬ አንጎራጎርኩት። ተራዋን የምትጠብቅ ጎረቤታችን፣ ባሏ የሞተባትና ምላሷ እሾህ የሆነች ሴት፣ ቀና አለች።

«ይኸ ደግሞ የማን አገር ለቅሶ ነው?»

ለቅሶ አይደለም፣ የጭፈራ ነው አልኳት። ትራምፔቱ የት እንደሚገባም ነገርኳት። እሷ ትራምፔት አይታ አታውቅም፤ ግን የት እንደሚገባ ወዲያው ገባት። በሳምንቱ አራት ሴቶች ሆንን። እኔ ቤዙን እፈጫለሁ፤ ሁለቱ በአፋቸው ትራምፔት ይነፋሉ፤ የጩኸታሙን ጩኸት ግን ያቺ ጎረቤታችን ለማንም አልሰጠችም። እሷ በጮኸች ቁጥር ዶሮዎች ከግቢ ይወጡ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ሰው ምን ይለናል አለች። ቆይታ ግን ወንፊቱን ስትነፋ በዚያው ምት ትነፋ ጀመር።

አንድ ቀን አንድ ታጣቂ አጥራችን ላይ ተደግፎ ቆመ። ወጣት ነው፤ ጫማው የተለያየ ነበር። ምን እንደምንዘፍን ጠየቀ። ጎረቤታችን ቀና ሳትል «ወፍጮው ነው» አለችው። አልሄደም። ዓይኔን መሬት ላይ እንደተከልኩ እግሩን አየሁት። አቧራውን ይመታ ነበር፤ ልክ በቦታው፣ አንድም ሳይስት። ልቤ ነደደ። በጎቻችንን ወስደዋል፤ የጎረቤታችንን በሬ አርደዋል፤ የሻይ ቤቱን በር ሰብረዋል። ያን ሁሉ ሳንሰጣቸው ነው የወሰዱት። ይኸኛውን ግን እኔ ካልሰጠሁት አያገኘውም። ማንጎራጎሬን አቆምኩ። ሴቶቹም ዝም አሉ። የድንጋዩ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እሱንም ሆን ብዬ አበላሸሁት፤ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት አደረግኩ፣ እግሩ የሚይዘው እንዲያጣ። ትንሽ ቆሞ ሄደ። ክፉ ልጅ ላይሆን ይችላል። አልሰጠሁትም።

ቤት ውስጥ ያስቀረነው እህል ሲያልቅ እናቴ ጉድጓዱ ይከፈት አለች። ፍጉን ጠረግን፣ ምርጉን ሰበርን፣ ድንጋዩን አነሳን። የወጣው ትንፋሽ ፊቴን መታኝ። የሚፈላ ድስት ክዳን ሲነሳ እንዳለው ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ጉድጓድ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እርጥበት ያገኘ እህል ይግላል። ልጅ ሆኜ እናቴ ጉድጓድ በከፈተች ቁጥር ይተንፍስ፣ ወዲያው አትግቢ ትለኝ ነበር፤ ማሽላውን ስነካው እጄን ያሞቀኝ ነበር። ከላይ ደግሞ የክረምት ፍግ፣ እሱም ራሱ የሚግል። እኔ ከፀሐይ ላድናቸው ብዬ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው።

ጆንያውን ፈታሁት። እርስ በርስ ተደጋግፈው ለስልሰው ነበር። አንዳንዱ እንደ ሳህን ጎድጉዷል፤ አንዳንዱ ጠርዙ እንደ ጥለት ተጥመልምሏል። የተቆጪዋን ሳወጣው አንዱ ጎኑ እንደ ጆሮ ታጥፎ ነበር። አንድ በአንድ በረቱ ውስጥ ደረደርኳቸው። ደህና የሆኑት መሃል ላይ የነበሩ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። እናቴ ትከሻዬን ይዛ ማንም አደራ በላሽ አይልሽም፣ ጦርነት ነው አለችኝ። ደግ ብላ ነው። ግን አልተቀበልኳትም። ጦርነቱ ብዙ በልቷል፤ ይኸን ግን የበላሁት እኔ ነኝ። የራሴን ጥፋት እሱ ላይ ጥዬ የትም አልሄድም አልኩ፤ ከእሱ ምንም እንዲኖረኝ አልፈለግኩም፣ ምክንያት እንኳ።

ታጣቂዎቹ ለቀው መንገዱ ሲከፈት፣ አጎቴ ከደሴም አልፈው ተሰደው እንደነበር፣ በሕይወት እንዳሉና በቅርቡ እንደሚመጡ ሰማን። አልሐምዱሊላህ አልን። እኔ ግን ከደስታዬ በታች ሌላ ነገር ነበረብኝ። ከመምጣታቸው በፊት ሸክላዎቹን ማቅናት አለብኝ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አጎቴ አንድ የተጎበጠ ሸክላ ሲያቀኑ አይቻለሁ። ሁለት ወፍራም መስታወት ያስፈልጋል። ሸክላው በመሃላቸው ይገባል፣ የጠዋት ፀሐይ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሳይከፈት ጥላ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ይቆያል። ነገሩ ቀላል ነው። መስታወቱ ግን የለም። መርሳ ላይ የቀረ ሙሉ መስታወት አልነበረም። ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ መስኮቱ ሁሉ መሬት ላይ ነበር፤ ሰው መስኮቱን በላስቲክና በካርቶን ሸፍኖ ነበር የሚኖረው።

ምን ልታዘዝ ማለት የማልችለው እኔ፣ ቤት ለቤት እየሄድኩ ሙሉ መስታወት አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ለምን ሲሉኝ እውነቱን እናገራለሁ፤ ሌላ መልስ ማዘጋጀት አልችልበትም። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ሰው ይትረፍ እንጂ ዕቃ ይተካል ይለኛል። ይህን አባባል ያን ሰሞን ከሰላምታ ይልቅ ደጋግሜ ሰማሁት። እነዚህ አይተኩም ማለት እፈልግና ሳልል ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ። አንዲት የሰፈራችን ሴት «ሰው ቤቱን ያቀናል፣ አንቺ ዘፋኝ ታቀኛለሽ» አለችኝ፣ ሰው እየሰማ። ፊቴ ጋለ። «እሱንም የሚያቀና ሰው ያስፈልጋል» አልኳት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ግን ብያታለሁ።

ወልድያ ሄድኩ። ብቻዬን ሚኒባስ ይዤ፣ ከዚያ በባጃጅ። መስታወት ቆራጩ በር ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር፤ ቢሮው ሁሉ፣ ባንኩ ሁሉ መስኮቱን ሊያስገጥም። ተራዬ ሲደርስ ሰውየው የመስኮቱን ልክ ጠየቀኝ። መስኮት አይደለም፣ ለሸክላ ነው አልኩት። ከኋላዬ ያሉት አጉረመረሙ። እሱ ግን እጁን አቆመ። የመርሳው ሻይ ቤት ሸክላ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ወደ ደሴ ሲወርድ ሁልጊዜ እዚያ ይቀመጥ ነበር። ከተቆረጠ ወፍራም መስታወት የተረፉ ሁለት ቁራጮች ከግድግዳው ሥር አውጥቶ ጠርዛቸውን በድንጋይ አለሰለሰልኝ። እስከ መርሳ ድረስ እንደ ሕፃን ጉልበቴ ላይ ይዣቸው መጣሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ከሁሉ የማልወደውን ነበር። ይኸንን መደበቅ አልፈልግም። ኦርጋን ብቻ የሚጮህበት፣ የሚያስተኛ ሸክላ ነው። ብዙ አቆየሁት፤ ጭረቱ ቀልጦ ጠፋ። በእጄ እያዞርኩ ብሞክረው መርፌው እላዩ ላይ ዝም ብሎ ተንሸራተተ። ስለማልወደው ቀለለኝ ማለት አልችልም፤ እሱም አደራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥላዬን እያየሁ ልኩን አገኘሁ። ጥላዬ ከእኔ ሲረዝም አስቀምጣለሁ፤ እኔን ሲያክል አቆማለሁ። በቀን ሁለት፣ ሰማዩ ሲጠራ ሦስት። አንዳንዱ ሦስት ቀን ተመላልሶ ነው የቀናው። ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነ የለም። ሁሉም ትንሽ ይወዛወዛል።

አጎቴና ሚስታቸው ሲመጡ ሠላሳ አቅንቼ ነበር። ሃያ አንድ ቀርቶኛል። አጎቴ ከስተው፣ ጺማቸው ነጭ ሆኖ ነው የመጡት። ሰላምታው ሳያልቅ ነገርኳቸው፤ ጉድጓዱን፣ ሙቀቱን፣ የቀለጠውን፣ ሁሉንም። ሳጥኑን ከፍተው ጥቂቱን አወጡ፣ ጠርዙን ይዘው ወደ ብርሃን አዘነበሉት፣ መለሱት። ሰው ከተረፈ ይበቃል አሉ። ሁሉም ሰው የሚለውን ነው ያሉት፤ ለእሳቸው ግን እንዲያ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቆይተው ሳያዩኝ፣

«የገበሬ ልጅ አይደለሽም? ጉድጓድ እንደሚግል እንዴት ጠፋሽ?» አሉኝ።

«አልጠፋኝም። ረሳሁት።»

ከዚያ ማታ በእራት ላይ ውሳኔያቸውን ተናገሩ። ሻይ ቤቱ ይዘጋል፤ ቤቱን ለእህል ነጋዴ ያከራዩታል። ሸክላዎቹን ለፈለገ ሰው ስጪ አሉኝ። ከእንግዲህ ማን ይሰማል፣ ስፒከርም የለ፣ ጆሮም የለ አሉ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ለታላቅ መልስ የሚሰጥ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም፤ እኔም ሰጥቼ አላውቅም። ግን ከመርሳ ወልድያ መስታወት ፍለጋ የሄደችው እኔ ነኝ። ምግቡን ትቼ ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ አደራዬን ገና አላስረከብኩም። ያልተረከቡትን ነገር አንቱ ለሰው መስጠት አይችሉም።»

እጃቸው ገበታው ላይ ቆመ። እናቴ ቁጭ በይ አለችኝ። አልተቀመጥኩም። ሃያ አንድ እንደቀረኝ፣ እስክጨርስ ድረስ ሸክላውም ቁልፉም በእኔ እጅ እንደሚቆይ ነገርኳቸው። እሳቸው እጃቸውን ከገበታው አነሱ። ትክክል ነበርኩ።

መብራት የመጣ ሳምንት ሻይ ቤቱን ራሴ ከፈትኩ። የተሰበረውን በር በሽቦ አሰርኩት። ጠረጴዛ የቀረን ሁለት ነው። ሳጥኑንና መስታወቶቹንም ከቤት በአህያ አመጣሁ፤ ማጫወቻውን አንዱ ጠረጴዛ ላይ አደረግኩ። ስፒከር የለም፤ ግን ሰው አያውቅም እንጂ መርፌው ራሱ ድምፅ አለው። ትንሽ ነው፣ የጉንዳን ያህል፤ ዘፈኑ ግን ሙሉውን አለ። ጆሮውን ያስጠጋ ይሰማዋል። መጀመሪያ የገቡት ሾፌሮች ምን እንደሆነ ለማየት ጎንበስ አሉ፤ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። አምስት ስድስት ሰው ራሱን ገጥሞ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሻዩ እየቀዘቀዘበት። ውጭ ሆኖ የሚያየን ሰው የታመመ ሕፃን የምናይ ይመስለዋል። ለቅሶ ባለበት ከተማ ዘፈን ከፈተች ብለው የመጡም ነበሩ። ገብተው ይስሙ አልኳቸው። ከደጅ አይሰማም፣ ማንንም አይረብሽም። አንዱ ተቆጥቶ ወጣ፤ ሁለቱ ጎንበስ አሉ።

አጎቴ በአራተኛው ቀን ጠዋት መጡ። ነጋዴው ቤቱን ሊያይ ስለሚፈልግ ቁልፉን ልውሰድ ብዬ ነው አሉኝ። የባለ ካባዎቹ ሸክላ እየተጫወተ ነበር። ይኸኛው ከሁሉ የከፋ እብጠት የቀረበት ነው፤ መርፌው እብጠቱ ጋ ሲደርስ ይዘላል፣ ቤዙ አንድ እርምጃ ይስታል። አጎቴ በሩ ላይ እንደቆሙ ሲዘል ሰሙት፤ እንዴት ከዚያ እንደሰሙት አላውቅም። ፊታቸው ተጨማደደ። ሁለተኛ ሲዘል ወደ ውስጥ ገቡ። ሦስተኛ ሲዘል ሰዎቹን በክንዳቸው ገለል አድርገው ጎንበስ አሉ፣ ከኪሳቸው አንዲት ሳንቲም አውጥተው መርፌውን ከተሸከመችው ክንድ ጫፍ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጧት።

መርፌው ከበድ አለ። እብጠቱን ሽቅብ ወጣ፣ ቁልቁል ወረደ፣ አልዘለለም። ቤዙ ሳይስት አለፈ፤ ግን ዳገቱ ላይ ድምፁ እየቀጠነ፣ ቁልቁለቱ ላይ እየወፈረ ይንገዳገድ ነበር። አጎቴ ጆሯቸውን ሳያነሱ ሰሙት።

«ይኸ ሰውዬ ሰክሯል» አሉ።

«አልሰከረም፤ ጉድጓድ ከርሞ ነው የወጣው» አልኳቸው።

ሾፌሮቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ሸክላው እስኪያልቅ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ሲያልቅ ክንዱን ራሳቸው አንስተው ቦታው መለሱትና በበሩ ወደ ውጭ፣ ወደ አስፋልቱ አዩ። ፀሐይዋ ከተራራው ላይ ገና መነሳቷ ነበር።

«የተቆጪዋን አቅንተሻታል?»

ገና ነው፣ የእሷ እጥፋት ከባድ ስለሆነ ፈርቼ አቆይቻታለሁ አልኳቸው። እጅጌያቸውን ጠቀለሉ።

«ፈርተሽ አታቀኚም። አምጫት፤ መስታወቶቹንም አምጪ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ።»